የአርኤፍ መርፌ በጉበት ዕጢ ላይ፦ ኢምፒዳንስ ቶሎ ሲዘል፣ ዕጢውም በደም ሥር በኩል ሲተርፍ

ጥያቄ፦ «አዲስ መርፌ»

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው የጉበት ዕጢን በአርኤፍ (በሬዲዮ ድግግሞሽ ጅረት) ሙቀት ለምታቃጥሉ ነው። ምሳሌው ይህ ይሁን፦ ሲሮሲስ (ጠባሳ) ያለበት ጉበት፣ ሴግመንት 8 (ከስምንቱ የጉበት ክፍሎች አንዱ) ላይ 2.6 ሳ.ሜ. የሆነ ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ (ከጉበት ሕዋስ የሚነሣ ካንሰር)፣ አንድ ጎኑ ከቀኙ የጉበት ደም መላሽ ሥር 4 ሚ.ሜ. ብቻ የሚርቅ። ጄኔሬተሩ 480 ኪሎኸርዝ፣ ጣሪያው 200 ዋት። መርፌው ባለ 17 ጌጅ፣ በውስጡ ቀዝቃዛ ውሃ የሚዞርበት ዓይነት፣ ሽፋን የሌለው ጫፉ 3 ሳ.ሜ.።

የአምራቹ ሰንጠረዥ በ12 ደቂቃ 3 ሳ.ሜ. ገደማ ይቃጠላል ይላል። ሲሠራ ግን ሁለተኛው ደቂቃ ሳይሞላ ኢምፒዳንስ (ቲሹው ለጅረቱ የሚያሳየው ተቃውሞ) ይዘልና ማሽኑ ኃይሉን ይቆርጣል፤ ተመልሶ ይገባል፣ ደግሞ ይቆርጣል። 12 ደቂቃው ሲያልቅ አልትራሳውንድ ላይ ነጩ ደመና ዕጢውን በሙሉ ሸፍኖ ይታያል። በወሩ ሲቲ ሲነሣ ግን በደም ሥሩ በኩል ማጭድ የመሰለ፣ ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ ማሳያ ፈሳሽ) የሚወስድ ቅሪት አለ።

ያልገባኝ ይህ ነው። ኃይሉ የሚቆራረጠው ማሽኑ በትክክል ስለሚሠራ ነው ወይስ ብልሽት ነው? ዋቱን ከመጀመሪያው ከፍ ማድረግ ይረዳል? በደም ሥሩ በኩል ያለውን ጎንስ እንዴት ነው መያዝ የሚቻለው? ፓዱም (ጅረቱ ከአካል የሚወጣበት፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው) ሁለት ይበቃል የሚል አለ፣ አራት ግዴታ ነው የሚል አለ።

መልስ፦ «ጉበት ብቻ»

ዶክተር፣ ዋት የመጨመሩን ነገር መጀመሪያ እንዝጋው። ችግሩን የሚያመጣው እሱ ራሱ ነው።

መርፌው የጋለ ብረት አይደለም። ጅረቱ በቲሹው ውስጥ ያሉትን አየኖች ወዲያና ወዲህ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ሙቀቱ የሚወለደው ከዚያ ፍትጊያ ነው። ጅረቱ ከመርፌው እየራቀ ሲሄድ ይበተናል። ከረጅም ጫፍ ጎን ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመነጨው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከጫፉ ርዝመት በላይ ሲራቅ ደግሞ መርፌው እንደ ነጥብ ስለሚቆጠር፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ አርኤፉ በቀጥታ የሚያሞቀው ብረቱን የከበቡትን ጥቂት ሚሊሜትሮች ብቻ ነው። የቀረው ቲሹ የሚሞቀው ከዚያ ቀለበት ወደ ውጭ በሚተላለፍ ሙቀት ነው። 12 ደቂቃ የሚጠበቀውም ለዚሁ መተላለፍ ነው።

አሁን የሙቀቱን ደረጃ ያስቡ። 50 ዲግሪ አካባቢ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ የቆየ ሕዋስ አይድንም። ከ60 እስከ 100 ባለው ፕሮቲኑ ወዲያው ይረጋል። ከ100 ሲያልፍ በቲሹው ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል፤ ቀጥሎ ቲሹው ይደርቅና ይከስላል። እንፋሎትም ሆነ የደረቀ ቲሹ ጅረት አያሳልፉም። ኢምፒዳንስ ዘለለ ማለት መርፌው በራሱ ዙሪያ ግድግዳ ሠራ ማለት ነው። ከመነሻው 150 ዋት የለቀቀ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይህን ግድግዳ ያቆምና የቀሩትን 11 ደቂቃዎች ከግድግዳው ጋር ሲታገል ይጨርሳል። ውጤቱ አጠገቡ ያረረ፣ ራቅ ሲል ጥሬ ነው።

ቀስ ተብሎ ሲገባ ምን እንደሚታይ ልንገርዎት። ቲሹ ሲሞቅ ጅረት የማሳለፍ አቅሙ በእያንዳንዱ ዲግሪ 2 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በደንብ የተጀመረ ማቃጠል በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኢምፒዳንሱን ዝቅ ያደርገዋል። 75 ኦም ላይ ተነሥቶ ወደ 65 ሲወርድ ካዩ አካሄድዎ ልክ ነው። ምንም ሳይወርድ ወዲያው ሽቅብ ከሄደ ፈጥነዋል፤ ወይም ማቀዝቀዣው እየሠራ አይደለም።

ለ3 ሳ.ሜ. ጫፍ ከ60 እስከ 80 ዋት ጀምሮ በየደቂቃው 10 ዋት መጨመር የተለመደ ነው። ለ2 ሳ.ሜ. ጫፍ መነሻው ከ40 እስከ 50። አምራቹ የራሱ ፕሮቶኮል ካለው የእሱ ይቅደም። በአውቶማቲክ ሁነታ ማሽኑ ራሱ ከፍ ብሎ የሚነሣ ከሆነና ቶሎ ቶሎ የሚቆርጥ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች በእጅ ይዞ ከዚያ ወደ አውቶማቲክ መመለስ ይቻላል።

መቆራረጡን በተመለከተ፣ በዚህ ዓይነት መርፌ እሱ ብልሽት አይደለም። ኢምፒዳንስ ከመነሻው 10 ኦም ያህል ሲያልፍ ጄኔሬተሩ ለ15 ሰከንድ ያህል ያርፋል፤ አረፋው ይበተናል፣ ቲሹው ትንሽ ይረጥባል፣ እንደገና ይገባል። ጥያቄው መቼ ጀመረ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ቆረጣ ከ4 ወይም ከ5 ደቂቃ በኋላ መጥቶ ወደ መጨረሻው ክፍተቱ እየጠበበ ከሄደ ጤነኛ ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው ደቂቃ ከመጣ ግን ጤነኛ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንደ ጃንጥላ በሚዘረጋው ባለ ብዙ ጣት መርፌ ሕጉ ይገለበጣል። ከእነሱ መካከል በኢምፒዳንስ የሚመራው ዓይነት፣ ኢምፒዳንሱ ሽቅብ ወጥቶ ኃይሉ ሲወድቅ «ተቃጥሏል፣ ጨርሻለሁ» ማለቱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ባለው መርፌ ያው ምልክት ፍሬን ነው። በሙቀት የሚመራው ባለ ጣት መርፌ ደግሞ ሦስተኛ ሕግ አለው፤ የጣቶቹን አማካይ ሙቀት 105 ዲግሪ አካባቢ ይዞ ሰዓት ይቆጥራል። የአንዱን ሕግ ለሌላው የሚጠቀም ሰው ወይ ያለጊዜው ያቆማል፣ ወይ ያከስላል።

መልስ፦ «ኦምና ዋት» (የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ)

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልጨምር። የሁለተኛ ደቂቃ ዝላይ ሁልጊዜ የቲሹ ጥፋት አይደለም። ግማሹ ከፓምፕና ከፓድ ነው የሚመጣው።

ፓምፑ። ውሃው መርፌውን የሚያቀዘቅዘው ብረቱን የነካው ቲሹ እንዳይደርቅ ነው። ያኔ ከፍተኛው ሙቀት ከብረቱ ላይ ተነሥቶ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ጅረቱም ረዘም ላለ ጊዜ መንገድ ያገኛል። ስለዚህ በሥራው ወቅት ስክሪኑ ላይ የሚነበበው የጫፍ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። 30 ወይም 40 ካሳየ «እየሞቀልን ነው» ብሎ ደስ የሚለው ሰው አይጠፋም፤ እውነቱ ማቀዝቀዣው መክሸፉ ነው። የሚፈተሹት፦ በረዶው ቀልጦ ውሃው ለብ ብሎ ይሆን? ቱቦው ከአልጋው ሐዲድ ሥር ታጥፎ ይሆን? ቱቦው በፓምፑ ጎማ ላይ በትክክል ተቀምጧል? ከመነሻው አየር በደንብ ወጥቷል? መርፌው ከመወጋቱ በፊት ፓምፑን አብርቶ በመመለሻው ቱቦ ውሃ ያለማቋረጥ ሲወርድ ማየት ግዴታ ነው። አንዴ ከተወጋ በኋላ አየር ማስወጣት ሌላ ራስ ምታት ነው።

መነሻ ኢምፒዳንስ። በጉበት ውስጥ ባለ 3 ሳ.ሜ. ጫፍ ከ50 እስከ 80 ኦም አካባቢ ይጠበቃል። ከ120 በላይ ሆኖ ከተነሣ ዋት አይነካም። መጀመሪያ የፓድ ግንኙነት፣ ቀጥሎ የኬብል ሶኬት፣ ቀጥሎ ጫፉ ያለበት ቦታ ይታያል። ጫፉ ስብ ወይም ሳንባ ውስጥ ካለ ኢምፒዳንስ ከፍ ይላል። የሆድ ውሃ ወይም ሳላይን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዝቅ ይላል፤ ቁጥሩ ቆንጆ ይመስላል፣ ቲሹው ግን አይቃጠልም።

ፓዱ። ሒሳቡን እንሥራው፦ 200 ዋት በ50 ኦም ላይ 2 አምፔር ነው። በመርፌው በኩል የገባው 2 አምፔር በሙሉ በፓዶቹ በኩል ነው የሚወጣው፣ ለ12 ደቂቃ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው የተለመደ የኤሌክትሪክ ቢላ ለሰከንዶች ነው የሚሠራው፤ በዚያ የለመደ ነርስ አንድ ፓድ ይበቃል ቢል አይፈረድበትም። እዚህ ግን የቆዳ ቃጠሎ ይመጣል። ለ200 ዋት ጄኔሬተር አራት ፓድ፣ በእያንዳንዱ ጭን ሁለት፣ ያለ ድርድር።

አቀማመጡም ከቁጥሩ እኩል ይመዝናል። ጅረት አቋራጭ ይወዳል፤ በፓዱ ላይ እኩል አይሰራጭም፣ ለመርፌው በሚቀርበው ጠርዝ ላይ ነው የሚከማቸው። ስለዚህ የፓዱ ረጅሙ ጎን ወደ መርፌው ይዙር፣ ማዕዘኑ አይዙር። አራቱም ከመርፌው እኩል ይራቁ፤ አንዱ በ5 ሳ.ሜ. ከቀረበ የሌሎቹን ድርሻ ይሸከማል። ፀጉር ይላጭ፣ ቆዳው ይድረቅ። አልኮል ከተቀባ ተኖ እስኪያልቅ ይጠበቅ። ጠባሳ ላይ፣ አጥንት የወጣበት ላይ፣ የብረት ዳሌ ካለበት ጎን ላይ አይለጠፍም። ጄሉ የደረቀ አሮጌ ፓድ ይጣል። ከተለጠፈ በኋላ አላምር ያለ ፓድ ተነሥቶ እንደገና አይለጠፍም፤ አዲስ ይወጣል። በሥራው መሐል እጅን ከጨርቁ ሥር ሰድዶ የላይኛውን ጠርዝ መዳሰስ ደግሞ ምንም አያስከፍልም። ሞቅ ካለ ችግር የለም፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ኃይሉ ይቁም።

እግረ መንገዴን፦ ይህን ሕክምና «ጨረር» የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። 480 ኪሎኸርዝ ሞለኪውል የሚሰብር ጉልበት የለውም። ይህ ድግግሞሽ የተመረጠውም ጡንቻና ነርቭ ስለማይደርሱበት ነው። ከ10 ኪሎኸርዝ በላይ ያለ ጅረት ጡንቻ እንደማያኮማትር ፈረንሳዊው ዳርሶንቫል እ.ኤ.አ. በ1891 አሳይቷል። ባይሆን ኖሮ 2 አምፔር በሰው አካል ውስጥ አሳልፎ በሽተኛውን ተኝቶ ማየት አይታሰብም ነበር።

መልስ፦ «ሦስት ፌዝ»

ዋናው ስሕተት ከማሽኑ በፊት፣ ከዕቅዱ ላይ ነው ያለው። ዕጢው 2.6 ሳ.ሜ. ነው። በዙሪያው ግማሽ ሴንቲሜትር የደኅንነት ዳር ቢጨመር 3.6 ይሆናል፤ 1 ሳ.ሜ. ቢጨመር 4.6። ሰንጠረዡ ቃሉን ቢጠብቅ እንኳ 3 ሳ.ሜ. ነው የሚሰጠው። ቃሉንም አይጠብቅም፤ ብዙዎቹ ሰንጠረዦች የተለኩት ደም በማይዞርበት የእንስሳት ጉበት ላይ ነው። ደግሞ የሚቃጠለው ክብ ኳስ አይደለም፤ በመርፌው አቅጣጫ የረዘመ እንቁላል ነው። ሰንጠረዥ ስታዩ አጭሩን ዲያሜትር ብቻ ያዙ፤ ረጅሙ ማስታወቂያ ነው። በእኔ ግምት ለዚህ መርፌ በሕያው ሲሮሲስ ጉበት 2.6 ሳ.ሜ. አጭር ዲያሜትር፣ ማለትም 13 ሚ.ሜ. ራዲየስ ብሎ ማቀድ ጠንቃቃ ነው።

ስለዚህ አንድ ውጋት አይበቃም። ሁለትስ? ወረቀት ላይ ይሣሉት። ሁለት መርፌ በ14 ሚ.ሜ. ልዩነት፣ እያንዳንዱ 13 ሚ.ሜ. ራዲየስ። ክቦቹ በሚገናኙበት ወገብ ላይ የሚሸፈነው ግማሽ ስፋት 11 ሚ.ሜ. ነው። ዕጢው ግን እዚያው መሐሉ ላይ 13 ሚ.ሜ. ነው። ጫፍና ጫፉ ተሸፍኖ ወገቡ ላይ በሁለቱም በኩል 2 ሚ.ሜ. ሕያው ዕጢ ቀረ ማለት ነው። በሦስት ማዕዘን የሚቀመጡ ሦስት ቦታዎች ወገቡን ይሞላሉ። ሦስት መርፌ በአንድ ጊዜ ወግቶ ኃይሉን በተራ የሚያዳርስ ጄኔሬተር ካለ ደግሞ ይሻላል፤ አንዱ ሳይበርድ ሌላው ስለሚሞቅ በመሐል ያለው ቲሹ ከየአቅጣጫው ይበስላል።

በደም ሥሩ በኩል። 3 ሚ.ሜ. እና ከዚያ በላይ የሆነ ደም ሥር ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ቀኙ የጉበት ሥር ከዚያ በብዙ ይሰፋል። ከ13 ሚ.ሜ. ርቀት በመተላለፍ ብቻ የሚመጣ ሙቀት እዚያ ደርሶ 50 ዲግሪን ለደቂቃዎች አይዝም። ያዩት ማጭድ የዚህ ፊርማ ነው። መርፌውን በዕጢው መሐል ሳይሆን በሥሩ በኩል፣ ከዕጢው ጠርዝ ወደ ውስጥ 5 ሚ.ሜ. ላይ፣ ከሥሩ ጋር ጎን ለጎን ያሂዱት። ያኔ ከሥሩ 9 ሚ.ሜ. ይርቃል፤ መወሰድ ያለበት ጠርዝ ግን 5 ሚ.ሜ. ላይ ነው። ሥሩን አቋርጦ የሚያልፍ መንገድ አይመረጥም።

ይህን ድፍረት ለጉበት ደም መላሽ ሥር ብቻ ነው የምመክረው። ሥሩን ራሱን የሚያድነው በውስጡ የሚሮጠው ደም ነው። ከፖርታል ሥር (ከአንጀት ደም ወደ ጉበት ከሚያመጣው) ጋር የሚሄደው የሐሞት ቱቦ ግን የሚያቀዘቅዘው ፍሰት የለውም። ቱቦው በዝምታ ይቃጠልና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጠቦ ይገኛል። ከዋናው የሐሞት ቱቦ 1 ሳ.ሜ. ውስጥ ያለ ዕጢ ለአርኤፍ አይደለም።

ስለ ነጩ ደመናም፦ እሱ አረፋ ነው፣ የሞተ ቲሹ አይደለም። አረፋ ቀዳዳ ባገኘበት ይሄዳል፤ ከተቃጠለው ቦታ አልፎ ይታያል፣ ከበታቹም ያለውን ይጋርዳል። ለዚህ ነው ከጥልቁ ጀምሮ ወደ ላዩ የሚመጣው። የሥሩ በኩል ጥልቁ ከሆነ ከእሱ ይጀመር። አረፋው እስኪሟሽሽ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቆ በሽተኛው ከጠረጴዛው ሳይወርድ ኮንትራስት ያለው አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ማየት የአንድ ወሩን ድንጋጤ ያስቀራል።

መልስ፦ «ሁለት ነጥብ አራት አምስት»

ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን? ከትልቅ ሥር አጠገብ ከሆነ ማይክሮዌቭ ይጠቀሙ። 915 ሜጋኸርዝ ወይም 2.45 ጊጋኸርዝ፣ ፓድ የለ፣ ኢምፒዳንስ የለ። ቲሹው ቢከስልም ማዕበሉ ያልፋል፤ ደም ሥርም ያን ያህል አይቀማውም። ከ12 ደቂቃ ባጠረ ጊዜም ይጨርሳል።

መልስ፦ «ጉበት ብቻ»

ማሽኑ ላለው ለዚህ ዕጢ ማይክሮዌቭ ጥሩ ምርጫ ነው፣ አልከራከርም። ነገር ግን ሥር የማይቀማው ሙቀት ለሐሞት ቱቦም ምሕረት የለውም። አርኤፍ ቢሳሳት የሚሳሳተው በማነስ ነው፣ ማይክሮዌቭ በመብዛት። ጠያቂው በእጃቸው ያለው አርኤፍ ነው። በእሱ መሥራት የግድ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ፦ ዕጢውን የሚመግበውን አርቴሪ አስቀድሞ በኬሞኤምቦላይዜሽን (የካንሰር መድኃኒትን ከመዝጊያ ጋር በአርቴሪው በመስደድ) መዝጋት ከዕጢው ውስጥ የሚሸሸውን ሙቀት ይቀንሳል፤ ትልቁን ሥር ግን አይነካውም። በሥሩ በኩል የቀረችን ጠባብ ቅሪት በቀጭን መርፌ ንጹሕ አልኮል መውጋትም የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው።

ጥያቄ፦ «አዲስ መርፌ»

አመሰግናለሁ፣ የወገቡን ነገር ሣልኩትና አመንኩ። ሁለት ነገር ልጨምር። ሴግመንት 8 ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በታች ነው። ድያፍራሙን ለመለየት ፈሳሽ የሚያስገቡ አሉ፤ ሳላይን ነው ሌላ? ሁለተኛ፣ ከሥራው በኋላ ትኩሳት ሲመጣ መግል ይሁን ተራ ነገር በምን ይለያል?

መልስ፦ «የሰመመን ጠረጴዛ»

ሳላይን አይሆንም። ሳላይን ጨው ነው፣ ጅረት ያሳልፋል፤ ድያፍራሙን ሊጠብቅ ገብቶ ጅረቱን ወደ ድያፍራሙ ይመራዋል። 5 በመቶ ግሉኮስ ነው የሚገባው፤ ጨው ስለሌለው ይከለክላል። በቀጭን መርፌ በጉበቱና በድያፍራሙ መካከል ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ሚ.ሊ. ይበቃል። በአልትራሳውንድ ጥቁር ንጣፍ ሆኖ መሐላቸው ሲታይ ይቆማል። ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው ሆዱ ተጣብቆ ፈሳሹ የታሰበበት ላይደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ምን ያህል ገባ ሳይሆን የት ተቀመጠ የሚለው ይታይ። የስኳር ሕመም ካለ የደም ስኳሩን ከሥራው በኋላ መለካት አይረሳ። ይኸው ዘዴ ደንዳኔ ከጉበቱ ሲጠጋም ይሠራል፤ እንዲያውም እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ የተበሳ ደንዳኔ ከሳሳ ድያፍራም የከፋ ነውና።

ፕሌትሌት (ደም አርጊ ሕዋስ) ከ50 ሺህ በላይ፣ አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) ከ1.5 በታች መሆኑ ከመተኛቱ በፊት ይታይ። የጉበት ሽፋን አጠገብ ሲቃጠል ሕመሙ ከባድ ነው፤ በሽተኛው በመሐል ከተንፈራገጠ መርፌው ከታቀደበት ይወጣል። ለሦስት ቦታ ማቃጠል ሙሉ ሰመመን እመርጣለሁ፤ መርፌ በሚገባበት ቅጽበት ትንፋሽ መያዝም ይቻላል። ትከሻው ላይ የሚሰማ ሕመም ከድያፍራሙ የሚመጣ ነው፣ ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

ፔስሜከር ካለ አስቀድሞ የልብ ሐኪም ያማክሩ፤ ፔስሜከሩ የአርኤፉን ጩኸት የልብ ምት መስሎት ሥራ ሊያቆም ይችላል። ፓዶቹም የጅረቱ መንገድ ወደ ታች እንዲሆን ጭን ላይ ይሁኑ እንጂ ጀርባ ላይ አይሁኑ። ለዚህ ዕጢ ባይሆንም፣ ሴግመንት 6 እና 7 ላይ ስትሠሩ የቀኙ አድሬናል እጢ ጎረቤት መሆኑን አስታውሱ። እሱ ከሞቀ የደም ግፊት በድንገት ጣሪያ ይነካል። ያኔ መጀመሪያ የሚደረገው መድኃኒት ፍለጋ ሳይሆን ጄኔሬተሩን ማጥፋት ነው።

መልስ፦ «ጉበት ብቻ»

ስለ ትኩሳቱ። የሞተ ቲሹ ሲዋጥ የሚመጣ ቀላል ትኩሳትና ድካም የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን አካባቢ ይጀምርና 5 ቀን ያህል ይቆያል፣ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። የተቃጠለው ትልቅ ከሆነ ረዘም ይላል። ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ወይም ለቀናት ጠፍቶ የተመለሰ፣ መግል እስካልተባለ ድረስ አይተውም። በዚህ ጊዜ አንድ ወጥመድ አለ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲቲ ላይ በተቃጠለው ውስጥ ጥቂት የአየር ነጠብጣብ መታየቱ ከማቃጠሉ የተረፈ ነው፤ በራሱ መግል አያሰኝም። ትኩሳት ያለበት ሰው ላይ አየሩ እየጨመረ ከሄደ ግን ሌላ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው የሐሞት ቱቦው ቀደም ሲል ከአንጀት ጋር የተገናኘ ወይም ስቴንት (ክፍት አድርጎ የሚይዝ ቱቦ) ያለበት ሰው ነው። የአንጀት ባክቴሪያ በቀጥታ ወደ ሞተው ቲሹ መውጫ አለው። እንዲህ ያለውን ሰው አርኤፍ ከማድረግ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ፣ ካደረጉም አንቲባዮቲኩን ማስረዘም ነው።

አወጣጡን ማንም ስላላነሣው እጨምራለሁ። 12 ደቂቃው ሲያልቅ ፓምፑን ያቁሙና ጫፉ ላይ የሚነበበውን ይመልከቱ። አሁን ነው ቁጥሩ የቲሹውን ሙቀት የሚናገረው። ከ60 ዲግሪ በላይ ከሆነ ያ ቦታ ተቃጥሏል። 45 ካሳየ ወይ ሙቀቱ ተቀምቷል፣ ወይ ኃይሉ አልገባም፤ መርፌው ሳይነቀል መድገም ነው። ቀጥሎ ፓምፑ እንደቆመ በአነስተኛ ኃይል ጫፉን ከ70 ዲግሪ በላይ አድርሰው፣ በየ1 ሳ.ሜ. እያረፉ ወደ ኋላ ይሳቡ። መንገዱ ስለሚረጋ ደም ይቆማል፣ በመርፌው ላይ የተጣበቀ የዕጢ ሕዋስም መንገድ ላይ አይዘራም። የተራቆተው ጫፍ 3 ሳ.ሜ. መሆኑን ግን አይርሱ፤ የመርፌው አፍ ገና ጉበት ውስጥ ሳለ የጫፉ ኋለኛ ክፍል ከጉበቱ ሽፋን ሊወጣ ይችላል። ኃይሉ መጥፋት ያለበት ያ ኋለኛ ክፍል ከሽፋኑ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ አለበለዚያ የሚቃጠለው የሆድ ግድግዳና ቆዳ ነው።

ዕጢው ከጉበቱ ገጽ ላይ ብቅ ያለ ከሆነ በቀጥታ አይወጋም። በጤነኛ ጉበት ውስጥ 1 ሳ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ ተጉዞ በጎን ይገባል።

መልስ፦ «ሦስት ፌዝ»

ስለ ወሩ ሲቲ አንዲት ነገር። በተቃጠለው ዙሪያ ቀጭንና ወጥ የሆነ፣ ኮንትራስት የሚወስድ ቀለበት ቢታይ ቅሪት አይደለም፤ የቃጠሎው ቁጣ ነው፣ ለወራትም ሊቆይ ይችላል። ቅሪት ወጥ አይሆንም፤ በአንድ ጎን ያብጣል፣ በአርቴሪ ፌዝ (ኮንትራስቱ በአርቴሪ ሲደርስ በሚነሣው ምስል) ይበራል፣ በኋለኛው ፌዝ ይጠቁራል። የእርስዎ ማጭድ በአንድ ጎን፣ ያውም በሥሩ በኩል ስለሆነ ቅሪት ነው። ከመፈረምዎ በፊት የድሮውንና የአሁኑን ሲቲ በአንድ ሴግመንት፣ በአንድ ማዕዘን ጎን ለጎን ያስቀምጡና ጥቁሩ (የተቃጠለው) ክበብ የድሮውን ዕጢ በሁሉም በኩል ቢያንስ በ5 ሚ.ሜ. ማለፉን ይለኩ። በሥሩ በኩል 5 ላያገኙ ይችላሉ፤ እዚያ ጥቁሩ የሥሩን ግድግዳ ከነካ ይበቃል። በቀሩት ጎኖች ግን 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ብቻ ከሆነ ብርሃን ባይታይም በሦስተኛው ወር ሲቲ መጀመሪያ የሚታየው ያ ጎን ይሁን።